የበቀሉት ችካሎች

በጎረቤቴ ግድግዳ ላይ ቀይ ቀለም የተቀባው ማክሰኞ ጠዋት ነው። ሁለት ሰዎች ጣሳና ብሩሽ ይዘው መጡ። አንደኛው ከጥግ እስከ ጥግ ሁለት መስመር አጣልፎ አሰመረ፤ ሌላኛው በስልኩ ፎቶ አነሳ፤ ሄዱ። ጎረቤቴ ለደንበኛ ከርከዴ እየቀዳች ነበር። ብርጭቆውን አስቀምጣ ወጣች፤ መጀመሪያ ግድግዳውን አየች፤ ከዚያ እኔን። እኔ ከመንገዱ ማዶ በራፌ ላይ ቆሜ ነበር።

«ኢንጂነር!» አለችኝ ጮክ ብላ። «ይሄ ምንድነው የጻፈብኝ?»

«አይዞሽ፣ ስህተት ነው» አልኳት። «እኔ እያለሁ ማንም አይነካሽም።»

ስለ አሶሳ መሬት ተጠይቄ መልስ አጥቼ ስለማላውቅ ነው እንዲህ ያልኳት። እውነቱን ለመናገር ግን ስህተት ይሁን አይሁን አላውቅም ነበር። ዛሬ ነገሩ ካለቀ በኋላም በደንብ አላውቅም። ጭንቅላቴ ውስጥ ተዘበራርቆብኛል፤ ጽፌ ባየው ይጠራልኝ ይሆናል ብዬ ነው ብዕር ያነሳሁት።

ኢንጂነር የሚሉኝ አንዳንዶች በቀልድ ነው፤ አብዛኞቹ ግን ከልባቸው ነው። ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። በሰፈራው ጊዜ ከወሎ ተነስቼ እዚህ ስደርስ ፊደል አልለይም ነበር። ፊደል የለየሁት ስኳር ከሚጠቀለልበት የጋዜጣ ቁራጭ ላይ ነው፤ ቁጥር የለየሁት ከሜትር ላይ። አንድ ቀያሽ ከመሀል አገር መጥቶ የገበያውን መንገድ ሊያወጣ ሜትር የሚጎትትለት ሰው ሲፈልግ፣ ከተሰለፍነው ሁሉ መርጦ እኔን ወሰደኝ። ለምን እንደመረጠኝ አልጠየቅኩትም። ዓይኔን አይቶ ይመስለኛል።

እሱ ፕላኑን ድንጋይ ላይ ዘርግቶ ሲያይ፣ እኔ ነፋስ እንዳያነሳው ከወዲያ በኩል እይዝለት ነበር። ስለዚህ ፕላን ማንበብ የተማርኩት ከግርጌው ሳይሆን ከራስጌው፣ ተገልብጦ ነው። ዛሬም ፕላን ሲዘረጋ ሰው ሁሉ በአንድ በኩል ሲሰበሰብ እኔ ዞሬ ከወዲያ እቆማለሁ፤ ከሁሉም ቀድሜ አነባለሁ። ቀያሹ ሥራውን ሲጨርስ ወረቀቱን ቦርሳው ውስጥ ከትቶ ሄደ። እውቀቱ ግን እኔ ጋ ቀረ። ከዚያ ወዲህ በዚህች ከተማ የስንት ቤት መሠረት እንዳወጣሁ ቆጥሬ አልዘልቀውም። ማዕዘን የማወጣው ሦስት፣ አራትና አምስት ክንድ ላይ በቋጠርኩት ገመድ ነበር። ይህንንም ማንም አላስተማረኝም፤ ገመዱን ስወጥርና ሳላላ ራሴ ያገኘሁት ነው። ኋላ አንድ የሒሳብ አስተማሪ «ይሄ እኮ መጽሐፍ ላይ ያለ ነው» ሲለኝ፣ «እንግዲያው መጽሐፉ ልክ ነው» አልኩት።

የገበያውን መንገድ የሚያውቅ ሰው ቆርቾቹን ያውቃቸዋል። በመንገዱ በአንደኛው ወገን ተሰልፈው የቆሙ ወፋፍራም ዛፎች ናቸው። በበጋ ቅጠላቸውን አራግፈው ቀይ አበባ ይለብሳሉ፤ ዝናብ ሲቃረብ ይለመልማሉ፤ ያኔ ማንጎ የሚሸጡት ሴቶች ከሥራቸው ይደረደራሉ፤ ባጃጆችም ተራ ይጠብቁባቸዋል። አርባ ዓመት ግድም ለጠየቀኝ ሁሉ «ከተማ ጥላ ያስፈልጋታል ብዬ፣ አስቀድሜ አስቤ የተከልኳቸው ናቸው» ስል ኖሬያለሁ። እንግዳ ሲመጣ «እኒህ ሰውዬ ናቸው የተከሏቸው» እየተባለ እኔ ጋ ያመጡታል። እኔም አነጋግረዋለሁ።

ነገሩ ግን እንደዚያ አልነበረም። ቀያሹ ለመንገዱ ወሰን ችካል እንድቆርጥ ሲያዘኝ «ደረቅና ጠንካራ እንጨት» ብሎኝ ነበር። እኔ ወንዝ ዳር ያገኘሁትን ቆርች ቆረጥኩ። ለመጥረቢያ የለሰለሰ ነው፤ ለትከሻም ቀላል ነው። ጊዜው ክረምት ነበር። እርጥብ ቆርች በክረምት መሬት ውስጥ ስትሰካው ምን እንደሚያደርግ የገበሬ ልጅ ሆኜ እንዴት እንደጠፋኝ እስካሁን ይገርመኛል፤ አገራችን እኮ አጥር የምናጥረው በእሱ ነበር። ቀያሹ በሄደ በሳምንታት ውስጥ ችካሎቹ አቆጠቆጡ። ሰውዬው ተመልሶ ቢያይ ምን ይለኛል ብዬ ስሳቀቅ፣ አንድ ሽማግሌ መጥተው «ዛፍ ማሰብህ ደግ አደረግህ» አሉኝ። አይደለም አላልኳቸውም። ከዚያ በኋላ አይደለም ለማለት ጊዜው እያለፈ ሄደ። ያልበቀሉት ችካሎች ቦታ ባዶ ሆኖ ሰልፉን ሲያበላሽብኝ ደግሞ፣ በየመሀሉ አዲስ ቁራጭ እየተከልኩ ሞላሁት።

እንግዲህ ይህን የሚያውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ወይም ይመስለኝ ነበር።

ረቡዕ ዕለት አንዲት ወጣት መሐንዲስ ቤቴ መጣች። የኮሪደር ልማቱ ወደ እኛ መንገድ ደርሷል፤ መንገዱ ሊሰፋ፣ የእግረኛ መሄጃ ሊነጠፍ፣ መብራት ሊቆም ነው።

«አባባ፣ ስለ ዱሮው መንገድ እርስዎን ጠይቂ ብለው ነው የላኩኝ» አለችኝ።

«ትክክለኛው ሰው ጋ ነው የላኩሽ።»

ፕላኗ ወረቀት አይደለም፤ ታብሌት ላይ ነው። እንደ ልማዴ ዞሬ ከወዲያ ቆምኩ። እሷ ልታሳየኝ ብላ ወደ እኔ አዞረችው፤ ስዕሉም አብሮ ዞረ። እኔ እንደገና ዞርኩ። እሷም አዞረችው። ስዕሉም ዞረ።

«አባባ፣ ምን እየፈለጉ ነው?»

«ተገልብጦ እንዲቆምልኝ ነዋ!»

ሳቋን ዋጥ አድርጋ ጠረጴዛ ላይ አስተኛችው፤ አንድ ነገር ነካ አደረገችና ስዕሉ ባለበት ቀጥ አለ። ያኔ አነበብኩት። የጎረቤቴ ቤት ላይ ቀይ መስመር አልፎበታል።

«የዱሮውን ወሰን የሚያሳይ ካርታ የለንም» አለች ልጅቷ። «ያለን ምልክት ዛፎቹ ብቻ ናቸው። እነዚህ አራቱ ቀጥ ባለ መስመር ላይ ናቸው። መስመሩን ሳስቀጥለው የሴትዮዋን ቤት መሀል ለመሀል ይከፍለዋል። አምስተኛው፣ ደጇ ላይ ያለው ግን፣ ከመስመሩ ወጥቶ ወደ መንገዱ ሰባት እርምጃ ገብቷል። የዱሮው ወሰን እዚያ ጋ ወጥቶ ቤቷን ዞሮ ያልፍ ከነበረ፣ ይዞታዋ ሕጋዊ ነው፤ እኛም ዞረን እናልፋለን። ወሰኑ ቀጥ ያለ ከነበረ ግን መንገድ ላይ ነው የሠራችው ማለት ነው። ቤቱ ይፈርሳል፤ ምትክ ቦታም አይሰጣትም።»

«ገባኝ» አልኩ።

«አምስተኛውን ዛፍ ማን ተከለው?»

«እኔ ነኛ!»

«ሌሎቹንስ?»

«እነሱንም እኔው። ለጥላና ለከተማዋ ውበት ብዬ።»

ጻፈችው። «አምስተኛው ከሌሎቹ ጋር አንድ ጊዜ ነው የተተከለው ወይስ በኋላ?»

እስከ ሰኞ ጊዜ ስጪኝ አልኳት። ጉዳዩ የሚወሰንበት የኮሚቴ ስብሰባም ሰኞ ነበር።

ችግሩ ምን መሰላችሁ፤ ሁለት ትዝታ ነው ያለኝ። በአንደኛው ዝናብ ያካፋል፤ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚቴ ደርሷል፤ አምስተኛው ዛፍ ያለበት ቦታ ላይ ችካሉን በመዶሻ እየመታሁ ነው፤ ቀያሹ ከሩቅ «ወደ ግራ! ወደ ግራ!» እያለ ይጮሃል። በሁለተኛው በጋ ነው፤ መሬቱ ድንጋይ ሆኗል፤ እዚያው ቦታ ላይ በዶማ ጉድጓድ ቆፍሬ የቆርች ቁራጭ እየተከልኩ ነው፤ የጎረቤቴ ባል፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በራፉ ላይ ተቀምጦ ይስቅብኛል። ሁለቱም እንደ ትናንት ናቸው። ሁለቱም እውነት ሊሆኑ ደግሞ አይችሉም። ችካል ከነበረ ዛፉ የወሰን ምልክት ነው፤ ቤቱ ይተርፋል። በኋላ ለጥላ የተከልኩት ከሆነ ምንም አይደለም፤ ቤቱ ይሄዳል።

ለባለቤቴ ነገርኳት። ምስር እየለቀመች ነበር፤ ቀና እንኳ አላለችም።

«አንተ ያንን ዛፍ ስንት ጊዜ ነው የተከልከው?» አለችኝ። «ለአንዱ ለጥላ ትላለህ፣ ለአንዱ ለውበት ትላለህ፣ አንድ ቀን ለእንግዳ ስታወራ ስሰማህማ የሰርጋችን ዕለት የተከልከው ሁሉ መስሎኝ ነበር።»

«አሁን ቀልድ ነው የጎደለኝ?»

«እሺ፣ አልቀልድም። ለጥላ ነው የተከልኳቸው ብለህ አስጽፈሃል አይደል? ለጥላ የተተከለ ዛፍ ምኑ ነው ወሰን የሚሆነው? ሴትዮዋን እኮ በገዛ አፍህ አስወጣሃት።»

ይህን አላሰብኩትም ነበር። እኔ፣ ሰው ሁሉ የሚያማክረኝ፣ አላሰብኩትም።

ሐሙስ ጎረቤቴ ጋ ሄድኩ። ቤርታ ናት፣ የአገሩ ተወላጅ፤ እኔ አሶሳ ስገባ እዚያው ነበረች። ያኔ ቤቷ የቀርከሃ ግድግዳና የሣር ክዳን ነበር፤ ኋላ ከባሏ ጋር ሆነው በብሎኬትና በቆርቆሮ ሠሩት። ፊት ለፊቱ ላይ ከርከዴና ሻይ፣ ቀን ላይ ደግሞ ገንፎ በባምያ ወጥ ትሸጣለች። ልጇ ሸርቆሌ ነው የምትሠራው፤ «ነይ ከእኔ ጋር ኑሪ» ትላታለች፤ እሷ ግን እሺ ብላ አታውቅም። ቀይ ምልክቱን በእርጥብ ጨርቅ ልትፈትገው ሞክራ ግድግዳው ሮዝ ሆኗል።

«ምን አለ ያ ልጅ?» አለችኝ፤ መሐንዲሷን ማለቷ ነው።

«እያሰብኩበት ነው።»

«አስብ፣ አስብ። ቤቱ ከሄደ እኔ ወዴት? ሸርቆሌ ሄጄ ልጄ ቤት እንግዳ ልሁን? ባሌ እዚህ ሞተ። እኔ ወላሂ ከዚህ አልወጣም።»

«ለእኔ ተይው አልኩሽ እኮ።»

«ያ ጊዜ እኮ አንተ ገመድ ይዘህ ስትመጣ፣ እኛ —»

«ለእኔ ተይው! ስለ ልኬት አንቺ ምን ያስጨንቅሻል?» አልኳትና ከርከዴዬን ጨልጬ ወጣሁ። አንድ ሐሳብ መጥቶልኝ ነበር።

ሐሳቡ ምስማር ነው። በየችካሉ አናት ላይ ሲባጎ የምናስርበት አንድ አንድ ምስማር መትተን ነበር። በኋላ የተከልኳቸው ቁራጮች ግን ምስማር አልነበራቸውም። ዛፍ ምስማሩን ይውጠዋል እንጂ አይተፋውም። እንግዲያው ያ ዛፍ ሆዱ ውስጥ ብረት ካለ ችካል ነበር፤ ከሌለ የእኔ ተክል ነው። እንዲህ ያለ ነገር የሚመጣለት ለእኔ ብቻ ነው። መሣሪያውም ሩቅ አልነበረም፤ ከእኛ ቤት ጀርባ ክፍል የተከራየ አንድ ወርቅ ፈላጊ አለ። ወደ ኩርሙክ አካባቢ ይመላለሳል፤ ብረት ሲያገኝ የሚጮህ ማሽን አለው።

ቅዳሜ ጠዋት ማሽኑን ትከሻው ላይ አንግቶ ተከተለኝ። «ጋሼ፣ ዛፍ ፈትሼ አላውቅም» አለኝ።

«ዛሬ ትፈትሻለህ። መጀመሪያ ከዳር እንጀምር።»

የመጀመሪያው ዛፍ ጋ ስናስጠጋው ጮኸ። ደስ አለኝ። ሁለተኛውም ጮኸ። ሦስተኛው ምስማር የሌለው፣ በኋላ የሞላሁት መሆኑን በእርግጠኝነት የማውቀው ነበር። እሱ ደግሞ ከሁሉም ብሶ ጮኸ።

«ጋሼ፣ ይሄኛው የለውም አላሉኝም?»

ቀና ብዬ ግንዱን አየሁ። የሚከራይ ቤት ማስታወቂያ፣ የባጃጅ ማኅበር ሰሌዳ፣ ሴቶቹ ዘንቢላቸውን የሚሰቅሉበት ቀለበት፣ የዛገ የቆርቆሮ ቁራጭ፣ የሚዛን መንጠቆ... በአርባ ዓመት ውስጥ በእያንዳንዱ ዛፍ ላይ ምስማር ያልመታ የከተማው ነዋሪ አለ ብዬ አላምንም። አምስተኛው ዛፍ ጋ ስንደርስ ማሽኑ ማቆሚያ አጥቶ ጮኸ፤ ጎረቤቴ ራሷ የማብሰያ ዕቃዋን የምትሰቅለው በእሱ ላይ ነው።

ሰው ተሰብስቦ ነበር። «ምን አገኛችሁ?» አለ አንዱ ባጃጅ ነጂ።

«ምንም» አልኩ።

«ማሽኑ እንዲህ ጮኾ ምንም?»

ወርቅ ፈላጊው ሳቀ፤ መልስ ግን አልሰጠም፤ እነሱ መቼም ምን እንዳገኙ አይናገሩም። ያ ዝምታው ነው ጉድ ያመጣብኝ። እሑድ ጠዋት ስነሳ የቆርቾቹ ሥር በሙሉ ተቆፍሮ አገኘሁት። አሶሳ ላይ ማሽን ጮኸ ሲባል ሰው የሚያስበው አንድ ነገር ብቻ እንደሆነ ማወቅ ነበረብኝ። አንዱ ጉድጓድ እስከ ጉልበቴ ይደርሳል። አፈሩን በሳፋ አጥበው ወርቅ የፈለጉበት ሁሉ ነበር፤ ውሃው ገና አልደረቀም። ጎረቤቴ ደጅ ያለው ዛፍ ሥሩ ተቆርጦ ትንሽ ዘንበል ብሏል።

እሷ መጥረጊያዋን ይዛ ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ቆማ ነበር። «ኢንጂነር፣» አለችኝ፣ «ቤቴን ልታተርፍ ነው ወይስ ልትቀብር?»

አፈሩን በእግሬ ወደ ጉድጓዱ መመለስ ጀመርኩ።

ሰኞ ስብሰባው እዚያው መንገድ ላይ፣ በድንኳን ሥር ሆነ። የኮሚቴው ሰብሳቢ ወፍራም ፋይል ይዞ መሀል ተቀመጠ፤ መሐንዲሷ ከጎኑ፤ የሰፈሩ ሰው ከፊት። ሰብሳቢው መጀመሪያ ስለ ጉድጓዶቹ ተቆጣ። ማን እንደቆፈረ ማንም አላየም። ከዚያ ፋይሉን ከፈተ።

«እንግዲህ እኒህ አባት የሰጡት ቃል እዚህ አለ» አለ። «ዛፎቹን ለጥላና ለውበት የተከልኳቸው ናቸው ብለዋል። ስለዚህ ዛፎቹ ወሰን አይደሉም። ከአስፋልቱ መሀል ለክተን ቀጥ ባለው መስመር እንሄዳለን። የዚህች እናት ቤትም —»

«ቆይ!» ብዬ ተነሳሁ። «ቃሌን አርማለሁ።»

«የቱን?»

ጎረቤቴን አየኋት። ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ነበር። የሰፈሩን ሰው አየሁ፤ ግማሾቹ የተወለዱበትን ቤት መሠረት ያወጣሁት እኔ ነኝ። ከመካከላቸው ስለ ዛፎቹ ያላወራሁለት አንድም ሰው አልነበረም።

«ለጥላ አይደለም የተከልኳቸው። ጭራሽ አልተከልኳቸውም። የመንገዱ ወሰን ችካሎች ነበሩ። ቀያሹ ደረቅ እንጨት ቁረጥ አለኝ፤ እኔ እርጥብ ቆርች ቆረጥኩ። በቀሉ።»

ከዚያ ከኋላ አንዱ «ስህተት ነው በለና!» አለ።

«ስህተት ነው።»

«ኧረ ኢንጂነር፣ እንደዚህ ያለ ስህተት በየዓመቱ ብትሠራልን ምን ነበረበት!»

ድንኳኑ በሳቅ ተናጋ። ማንጎ የምትሸጥ አንዲት ሴት ደግሞ «እኔስ ሁልጊዜ ይገርመኝ ነበር» አለች፣ «በሐሩር ራቁቱን የሚቆም ዛፍ ለጥላ ብሎ የሚተክል ምን ዓይነት ሰው ነው እያልኩ!» እስከዚያን ቀን ድረስ ይህን ማንም ፊቴ አላለኝም። ለካ ከኋላዬ ይባል ኖሯል። የጠበቅኩት ውርደት ነበር፤ የመጣው ግን ሳቅ ሆነ፤ መቆጣት ይኑርብኝ መሳቅ ይኑርብኝ ጠፋኝና ቆሜ ቀረሁ።

መሐንዲሷ ብቻ አልሳቀችም። «አባባ፣ ይሄ ትልቅ ነገር ነው» አለች። «ችካል ከሆኑ ዛፎቹ ራሳቸው ካርታ ናቸው። አምስተኛውስ? እሱም ችካል ነበር?»

እዚህ ላይ ሁለቱ ትዝታዎች እንደገና መጡብኝ፤ ዝናቡና በጋው፣ መዶሻውና ዶማው። ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ነበረብኝ። ዝናቡን መረጥኩ። እውነት ነው ብዬ አይደለም፤ ቤቱ እንዲተርፍ ብዬ ነው። «አዎ፣ ችካል —» ማለት ስጀምር ጎረቤቴ ተነሳች።

«ይሄ ሰው አያውቅም» አለች። «ለእኔ ብሎ ነው የሚናገር። ዛፉን እሱ ተከለ። በበጋ። ውሃ እኔ አመላለስኩ።»

ሰብሳቢው ብዕሩን አነሳ። አንቺ ሴት ምን አደረግሽ፣ በገዛ እጅሽ ቤትሽን አፈረስሽ አልኩ በሆዴ።

«ኸላስ፣ ቆይ፣ አልጨረስኩም» አለች እጇን ወደ ሰብሳቢው ዘርግታ። «መጀመሪያ እነሱ ገመድ ይዘው መጡ። ክረምት። ገመዱ ቤታችን ውስጥ ሊያልፍ ነው። ባሌ ወጣ፣ ቤቱ ከመንገዱ በፊት ነበረ፣ እናንተ ዙሩ አለ። ቀያሹ ጮኸ፣ ባሌም ጮኸ። ከዚያ ቀያሹ እሺ አለ። ወደ ግራ፣ ወደ ግራ እያለ እንጨቱን እዚያ አስመታው። ያ እንጨት ግን አልበቀለም። የእኛ ፍየል ልጡን በላው፣ ደረቀ። በጋ ሲመጣ ይሄ ሰው መጣ፣ የደረቀውን ነቀለ፣ እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ሌላ ተከለ። ባሌ ሳቀበት።»

ሰብሳቢው ያነሳውን ብዕር መልሶ አስቀመጠ።

«እናቴ፣» አለች መሐንዲሷ ቀስ ብላ፣ «ይህን ሁሉ እያወቁ ለምን እስካሁን አልነገሩንም?»

«ማን ጠየቀኝ? እናንተ ኢንጂነሩን ጠየቃችሁ። እኔን ማን ጠየቀ?»

ሰብሳቢው ወደ እኔ ዞረ። «እርስዎስ? ያሉት ልክ ነው?»

ፍየሏን ፈለግኳት። ጭንቅላቴ ውስጥ ያለውን ሁሉ አገላበጥኩ፤ ዝናቡ አለ፣ ጩኸቱ አለ፣ ዶማው አለ፣ የባልየው ሳቅ አለ። ፍየል የለችም። የደረቀ ችካል የለም። ባልየውና ቀያሹ ሲጯጯሁም አይታየኝም። ያለችው ነገር ግን ሁለቱን ትዝታዎቼን እንደ ሁለት የገመድ ጫፍ አገናኝታ ቋጠረቻቸው። አዎ ማለት እንዴት ይቀል ነበር።

«አላስታውስም» አልኩ። «እሷን እመኗት። እኔን ተዉኝ።»

ሰብሳቢው በዚህ የሚረካ ሰው አልነበረም። ማስረጃ ያስፈልጋል አለ። መሐንዲሷ ተነስታ ከድንኳኑ ወጣች፤ እኛም ተከተልናት። ከጎረቤቴ ቤት ግራና ቀኝ ያሉትን ሁለት አሮጌ ቤቶች ዞራ አየቻቸው። ሁለቱም በመንገዱ በኩል፣ ወደ እሷ ቤት በሚያዩበት ጥግ ላይ ማዕዘናቸው ተቆርጧል፤ ግድግዳው በሰያፍ ነው የሚሄደው።

«እነዚህን ማን ሠራቸው?»

«መሠረታቸውን ያወጣሁት እኔ ነኝ» አልኩ።

«ማዕዘናቸው ለምን ተቆረጠ?»

ለብዙ ዓመት «ለውበት ነው» እል ነበር። አሁን ግን ቆሜ አየኋቸው። የግራው ቤት ግድግዳ ከአራቱ ዛፎች መስመር ተነስቶ በቀጥታ ወደ አምስተኛው ዛፍ ያመለክታል። የቀኙም እንዲሁ ከወዲያ መጥቶ ወደዚያው ያመለክታል። ያንን ወሰን ተከትዬ ነው የሠራኋቸው ማለት ነው። እጄ ያውቅ ነበር። እኔ ነኝ የማላውቀው። ወይም ያኔ አውቄ ኋላ ለእንግዳ ሳወራ፣ ሳወራ ጠፍቶብኛል። የትኛው እንደሆነ ያው አላውቅም።

«አይ አባባ!» አለች ልጅቷ፤ ታብሌቷ ላይ መስመሩን በጣቷ ወደ አምስተኛው ዛፍ አጠፈችው።

በዚያው ሳምንት ቀይ ምልክቱ ላይ ነጭ ቀለም ተቀባ። መንገዱ ቤቷን ዞሮ እንዲያልፍ ተወሰነ፤ ሁለት እርምጃ የሚሆነውን የፊት ዳሷን ለእግረኛ መሄጃ እንድትለቅ ተስማማች። የዘነበለውን ዛፍ መጋዝ ይዘው መጥተው ጣሉት። ሴትዮዋ «ዛፉ ይሂድ፣ ቤቱ አለ» ብላ ዕቃ መስቀያዋን ግድግዳዋ ላይ መታች።

እኔ እንደ ዱሮው በራፌ ላይ እቆማለሁ። ሰው ሲያልፍ «ኢንጂነር!» ይለኛል፤ አሁን ስንቱ በቀልድ፣ ስንቱ ከልቡ እንደሆነ መለየት አቅቶኛል። ዓይኔን ስጨፍን ፍየሏ ትታየኛለች፤ ነጭ ናት፣ ጆሮዋ ጥቁር ነው። እንዲህ ሆና የመጣችልኝ ትዝ ብላኝ ይሁን ሴትዮዋ ስለነገረችኝ ይሁን አላውቅም፤ ጎረቤቴን የፍየሏ መልክ ምን ነበር ብዬ መጠየቅ ፈራሁ።

ባለፈው ሳምንት የጠርዝ ድንጋይ የሚያነጥፉ ሠራተኞች እኛ ጋ ደረሱ። አለቃቸው ሲባጎውን ይዞ መንገዱን ተሻገረና ወደ እኔ መጣ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ያውቁታል አሉኝ። ከየት ጋ ነው የምንታጠፈው?»

ጣቴን አነሳሁ። አየር ላይ ትንሽ ቆየች።

«እሷን ጠይቃት» አልኩት።

ጎረቤቴ እጇ ሊጥ እንደነካ ወጣች። ግራና ቀኝ አላየችም፤ አራት እርምጃ ሄዳ በቀኝ እግሯ መሬቱን ረገጠች። «ከዚህ» አለች። ሰውዬው ድንጋዩን እግሯ ሥር አስቀመጠ። ለእኔ አንድ እርምጃ ወደ መንገዱ የገባች መሰለኝ። የሲባጎውን ሌላ ጫፍ ያዝኩለት።